ወደ ቀኝ የሚፈታው ብሎን

ሰው ስለ ባሌ ሲያወራ እሰማለሁ። «ሀብተ ሥላሴ ዝምተኛ ነው፤ አጎንብሶ ሄዶ አጎንብሶ የሚመለስ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነው» ይላሉ። እውነት ነው። ለምን እንዳጎነበሰ ግን አንዱም አያውቅም። የማውቀው ሠላሳ ሰባት ዓመት አብሬው አንገቴን የደፋሁት እኔ ሸጊቱ ነኝ። ስለዚህ እኔው ላውራው፤ ሌላ ሰው ካወራው ያሳምረዋል።

ባሌ የቶርኖ ሠራተኛ ነው። ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጽ ማሽን ፊት ዕድሜውን ጨርሷል። የደልጊ ልጅ ነው፤ ከጣና ማዶ መጥቶ ባሕር ዳር ቴክኒክ ተማረ፣ ከዚያ ፋብሪካ ገባ፣ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ነበር። እኔም ከዳንግላ መጥቼ እዚያው ፋብሪካ ክር ፈታይ ነበርሁ፤ የተዋወቅነው በሻይ ሰዓት ነው። ጡረታ ሲወጣ ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤታችን በር ላይ ቆርቆሮ ቀጥሎ የራሱን ቶርኖ ቤት ከፈተ። የባጃጅ አክስል፣ የወፍጮ ዘንግ፣ ጥርሱ ያለቀ ብሎን ሁሉ እሱ ጋ ይመጣል። መሣሪያም ያውቃል። ፋብሪካ እያለ የዘበኞቹን ጠመንጃ የሚጠግነው እሱ ነበር።

አሁን ወደ ቁስሉ ልግባ።

አባቱ ባላምባራስ አዘዘ በደልጊ የታወቁ ሰው ነበሩ። አንዲት ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበረቻቸው፤ ያቺ ጥይት የምትጎርስበት ክብ ነገር የሚሽከረከርላት ዓይነት። እጀታዋ ተሰንጥቆ ነበርና በ1969 ዓመተ ምሕረት፣ ሀብቴ ገና ተማሪ ሳለ፣ «እስቲ የተማርኸውን አሳየኝ» ብለው ሰጡት። እሱም ከወይራ አዲስ እጀታ ጠረበላት። እጀታውን የሚይዘውን ብሎንና ብሎኑ የሚገባበትን ቁራጭ ብረት ደግሞ በትምህርት ቤቱ ቶርኖ ቆረጠ። ሲቆርጥ ማሽኑ በተቃራኒው እንዲሄድ ተደርጎ እንደነበር ልብ አላለም። የብሎኑ ጥርስ ግልብጥ ሆኖ ወጣ።

ይህን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ዓለም ሁሉ ብሎንን ወደ ግራ አዙሮ ይፈታል፣ ወደ ቀኝ አዙሮ ያጠብቃል። የሀብቴ ብሎን ግን የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው። ወደ ግራ ባዞሩት ቁጥር ይብሱን ይጠብቃል። አባቱ ይህን ሲያዩ ሳቁ። «እንግዲህ አበላሽተኸዋል፤ በል ጥፋትህን ፈርምበት» አሉት። እሱም ከእጀታው ሥር፣ ብረቱ ላይ፣ በሾለ ብረት እንዲህ ብሎ ጫረ፦ «ዘአዘዘ። ሠሪው ልጁ ሀብተ ሥላሴ። ፲፱፻፷፱።» ከዚያ እጀታው ተገጠመና ጽሑፉ ተሸፈነ። ከአባትና ከልጅ በቀር እዚያ ውስጥ ጽሑፍ እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ መንግሥት መሣሪያ አስረክቡ አለ። ባላምባራስ እምቢ አሉ። ሽጉጧን በጨርቅ ጠቅልለው እህል ከሚቀመጥበት ጎታ ሥር ቀበሯት። ሲቀብሯት አብረዋቸው የነበሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ልጃቸው ሀብተ ሥላሴ፣ ሁለተኛው የወንድማቸው ልጅ ሣህሉ። ሣህሉን አንቱ እንድል በዕድሜው ይገባው ነበር፤ አልልም። እስከዛሬም ብዬው አላውቅም።

በ1973 ዓመተ ምሕረት ባላምባራስ አረፉ። በዚያ አገር ወንድ ሲሞት መሣሪያው ለቅሶ ላይ ይወጣል። የቅርብ ዘመድ ከፍ አድርጎ ይዞት በለቀስተኛው መሃል ይዞራል፤ አልቃሿ እሱን እያየች ሙሾ ታወርዳለች። መሣሪያው ያልወጣለት ሰው ባዶ እጁን ሄደ ይባላል፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ውርደት ነው። የቀበሌ ሰዎች እንኳ ለለቅሶ ሲሆን አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር። ሀብቴ ጎታውን አንሥቶ ቆፈረ። ሽጉጧ የለችም።

ያኔ ሣህሉ ተነሣ። ለቀስተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አስከሬኑ ገና ከቤት ሳይወጣ፣ «ይህ ልጅ ባለፈው ወር ከባሕር ዳር መጥቶ ነበር። ሚስት ሊያገባ ነው አሉ። የድግሱ ወጪ ከየት መጣ?» አለ። በቃ! ሌላ ምንም አላለም። ሀብቴ «ኧረ በአምላክ!» ቢል ማን ይስማው? ሽማግሌዎቹ ማሉ ቢሏቸው ሁለቱም ማሉ። ሣህሉ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ዓይኑን ሳያሽ ማለ። ሰው የሣህሉን መሐላ አመነ። ሀብቴ ከተሜ ሆኗል፣ ተምሯል፣ ሴት ይዟል፤ እንዴት ይታመን?

እናቱ «እጅህ ሬሳዬን እንዳይነካው» አሉት። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሞቱ ሊቀብር ቢሄድ ከደጅ መለሱት። ታላቅ እህቱ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ፣ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት፣ ፊታቸውን አዞሩበት። ለኔ ደግሞ ስም ወጣልኝ። «ሽጉጤ» አሉኝ። በአባት ሽጉጥ የተገዛች ሙሽራ ነኝ እንግዲህ! የበኩር ልጄ ክርስትና ቀን ከደልጊ አንድ ሰው አልመጣም፤ የደገስሁትን ለጎረቤት በትኜ ተቀምጬ አለቀስሁ። እኔ እንደሆንሁ ያንን ቀን ለማንም አልተውሁም።

ሣህሉስ? ሣህሉማ ተመቸው። ባሕር ዳር ገባ፣ ነገደ፣ በኋላም ሐይቁ ዳር የባህል ምግብ ቤት ከፈተ። ግድግዳው ላይ ጋሻ፣ ጎራዴና አሮጌ ጠመንጃ ሰቅሏል፤ ፈረንጅ እየመጣ ፎቶ ይነሣል አሉ። አሉ የምለው ረግጠነው ስለማናውቅ ነው። ባጃጅ በዚያ ሲያልፍ እንኳ ፊቴን ወደ ውሃው አዞር ነበር። እንዲህ ሆነና ሠላሳ ሰባት ዓመት ሄደ።

በ2010 የካቲት ላይ ነው፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ፣ ዜማ የምትባል ቀጠን ያለች ልጅ ቦርሳ ተሸክማ ወደ ቶርኖ ቤቱ መጣች። ከአዲስ አበባ የመጣች የፊልም ዳይሬክተር ናት።

«ጋሼ፣ መሣሪያ ያውቃሉ ብለውኝ ነው። ፊልም ልንቀርጽ ነው። ፖሊስ የትኛው ሽጉጥ እውነተኛ እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ በባለሙያ ተለይቶ በጽሑፍ ካልመጣ ፈቃድ አንሰጥም አሉን። ይለዩልኝ» አለችው።

«አምጪ» አላት።

ጆንያ አነጠፈ። አምስት ሽጉጥ ደረደረችበት፤ አምስቱም ተሽከርካሪ፣ አምስቱም ስድስት ጎራሽ መሳይ። እኔ በር ላይ ተቀምጬ ሽምብራ እለቅም ነበር። ሀብቴ መነጽሩን አደረገና የመጀመሪያዋን በመዳፉ መዘናት።

«ይቺ አሻንጉሊት ናት። ከቀለጠ አሉሚኒየም የተሠራች ናት፤ ቃታዋም አይሳብም።»

ሁለተኛዋን እንኳ አላነሣትም፣ በጣቱ ገፋ አደረጋት። «ይቺም እህቷ ናት። ቀለም ብቻ ጨምረውላታል።»

የሦስተኛዋን አፈሙዝ አየት አደረገ። «ይቺ የሩጫ ማስጀመሪያ ናት። ትጮሃለች እንጂ አትተፋም። ቢሆንም ወደ ሰው ፊት አታስጠጓት፤ እሳቷ ያቃጥላል።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ጉድ ነዎት!» አለች ዜማ እየጻፈች።

«አራተኛዋ እውነተኛ ነበረች። በርሜሏን በብየዳ ደፍነው ገድለዋታል።» አምስተኛዋን አነሣ። የእንጨት እጀታዋን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ይቺስ?» አለች።

መነጽሩን ገፋ አድርጎ ብሎኑን አየ።

«እሷ ከጋሽ ሣህሉ ምግብ ቤት የተዋስናት ናት። አባቴ ያወረሰኝ ነው ብለዋል። እጀታዋ በቆዳ ተጠቅልሎ ተሰፍቶ ነበር፤ ቆዳው አዲስ ስለሆነ ካሜራ ላይ ያስቃል ብዬ አስፈቅጄ ቀደድኩት። ከውስጥ ይሄ የሚያምር እንጨት ወጣ። ፈትተን እናጽዳው ብንል ግን ብሎኑ እምቢ አለን። ጋሽ ሣህሉም ስንት ዘመን ታግለውት እንዳቃታቸው ነው የነገሩን።»

ሣህሉ የሚለውን ስም ስሰማ ሽምብራው ከነሰፌዱ ከጭኔ ወደቀ። ተነሥቼ ገባሁ። የልጅቷ ስልክ ጮኸና «ይቅርታ፣ አንዴ» ብላ ወደ መንገዱ ወጣች። ሀብቴ ሽጉጧን በጨርቅ አድርጎ ብረት በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰራት። ካቻቢቴውን ብሎኑ ላይ አሳረፈ። ወደ ቀኝ አዞረ።

ትናንት እንደተገጠመ ሁሉ ፈታ አለ።

እጀታው ወለቀ። ሀብቴ አጎንብሶ አየና ለኔ ቦታ ለቀቀልኝ። መሠረተ ትምህርት ነው የተማርሁት፣ ቀስ ብዬ ነው የማነብ። ፊደል በፊደል አነበብሁት፦ ዘአዘዘ። ሠሪው ልጁ ሀብተ ሥላሴ። እሪ ልል አፌን ስከፍት የማሽን ቅባት፣ ግራሶ፣ በነካው እጁ አፌን ከደነው።

«ፖሊስ ጋ እንሂድ! አሁኑኑ እንሂድ!» አልሁት እጁን አንሥቼ።

«ፖሊስ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ በቀስታ። «ሽጉጧን ወስዶ ይቆልፋታል። ሣህሉ ጠበቃ ይገዛል፣ ከገበያ ነው የገዛኋት ይላል። ደልጊ ያለው ሰው ምን ይሰማል? እኅቴ ምን ትሰማለች? እኔን የገደለኝ ለቅሶ ላይ ነው። ለቅሶ ላይ ነው የምፈልገው።»

ባሌን ሠላሳ ሰባት ዓመት አውቀዋለሁ እል ነበር። ያን ዕለት ዓይኑን ሳየው ይህን ሰው አላውቀውም አልሁ። ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

እጀታውን መልሶ ገጠመ፣ ብሎኑንም ወደ ግራ አጠበቀ። ዜማ ስትመለስ ወረቀቱ ላይ በእጁ ጻፈላት፦ «አምስተኛዋ እውነተኛና ደህና ናት። ጥይት መምቻ መርፌዋ ወልቆ ለፖሊስ ይሰጥ።» መርፌውን እዚያው አወለቀና በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት።

«ፊልምሽ ላይ ለቅሶ አለ?» አላት።

«አለ እንጂ ጋሼ! ትልቁ ትዕይንት እሱ ነው። አንድ ግራዝማች ይሞታሉ፣ እዚሁ ሐይቅ ዳር እናስለቅሳለን።»

«በማን?»

«ልጆች ቀጥረናል፣ ከከተማው።»

«ልጆች! ልጆች ለቅሶ ምን ያውቃሉ? ስልካቸውን ነው የሚያዩት» አለ ሀብቴ። «ለቅሶ ከፈለግሽ ደልጊ ሂጂ። በጀልባ ትደርሻለሽ። ሙሾ የሚያወርዱ ወለተ ጊዮርጊስ የሚባሉ አልቃሽ አሉ፤ እሳቸውን ለምኚ። ሽጉጧን ደግሞ ለአክተር እንዳትሰጪ፤ አያያዙን አያውቅበትም። ባለቤቱ ይያዛት። ሣህሉ እዚያው ተወላጅ ነው፣ ደስ ይለዋል።»

ልጅቷ አቅፋ ሳመችው። ስትወጣ ብቻ «ማን መከረሽ ቢሉሽ አንድ ሽማግሌ በይ፤ ስም አትጥሪ» አላት። እሷም ትሕትና መስሏት ፈገግ አለች።

ሣህሉ ፊልም ላይ ትታያለህ ሲባል አበደ አሉ። ካባ አሰፋ። ለምግብ ቤቱ ደንበኛ ሁሉ አወራ። እኔ በበኩሌ ቀረጻው እስኪደርስ ባለው ሁለት ሳምንት ምግብ አልበላልህ አለኝ። ካቻቢቴውን በየቀኑ ከመሣቢያው አውጥቼ አየውና እመልሰው ነበር።

የቀረጻው ቀን እኔና ሀብቴም በጀልባ ሄድን። ደልጊ ስንወርድ ሜዳው በሰው ሞልቷል፤ ሁለት መቶ ይሆናል፣ ነጭ ለብሶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ። ድንኳን ተተክሏል። አልጋ ላይ ጭድ ተገንዞ አስከሬን ሆኗል። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ወገባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። ሀብቴን አዩት። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ወደ ሐይቁ ዞሩ። አንዲት አሮጊት ክንዴን ቆንጥጣ «ሽጉጤ፣ አንቺም መጣሽ?» አለችኝ። «መጣሁ እመይ፣ ዛሬስ መጣሁ» አልኋት።

ሣህሉ በካባ ተኮፍሶ መሃል ላይ ቆመ። ሀብቴን ሲያይ ትንሽ ደነገጠ፣ ግን ወዲያው አገጩን አነሣ። ምን ያስፈራዋል? ሠላሳ ሰባት ዓመት ምን ነካው? ሽጉጧን ከፍ አድርጎ መዞር ጀመረ። ካሜራው ይከተለዋል። እትዬ ወለተ ለማያውቁት ግራዝማች ሙሾ አወረዱ። ዜማ «ቆይ! በድጋሚ!» አለች። ሰው ተያየ።

«ምነው፣ አልሞተም እንዴ?» አለ አንድ ሽማግሌ፤ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

ደገሙት። እንደገና «በድጋሚ!» ተባለ። በሦስተኛው፣ ሣህሉ ክቡን ጨርሶ በኛ በኩል ሲደርስ፣ ሀብቴ ከጎኔ ተነሥቶ ወደ መሃል ገባ። አላጎነበሰም። ዜማ አስቁሙ ልትል አፏን ስትከፍት ክንዷን ያዝሁ።

«ዝም በይ ልጄ። ለቅሶ አይቋረጥም። ካሜራሽን እንዳታጠፊ።»

አየችኝ። እኔ እንጃ ፊቴ ላይ ምን እንዳየች፤ ለካሜራ ያዡ ቀጥል የሚል ምልክት ሰጠችው።

«ሣህሉ» አለ ሀብቴ። ድምፁ እንዲህ እንደሚያስተጋባ አላውቅም ነበር። «የያዝኻት ሽጉጥ የማን ናት?»

«የአባቴ ናት!» አለ ሣህሉ። ግማሹ ለካሜራው ነው።

«ማልልኝ።»

«የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ! ከአባቴ ነው የወረስኋት፤ አገር ያውቃል!»

«እንግዲያው የአባትህን ሽጉጥ ልጅ ሆነህ ስታጸዳ ኖረሃል። ፈትተህ አሳየን» አለና ካቻቢቴውን ዘረጋለት።

ሣህሉ ሳቀ፤ «ዝጓል እኮ፣ ማን ይፈታዋል» አለ። ሰው ሁሉ እያየው ነው፣ አልቀበልም ማለት አልቻለም። ካቻቢቴውን ተቀብሎ ብሎኑ ላይ አሳረፈና ወደ ግራ አዞረ። ላብ አጠመቀው። አጥብቆ አዞረ። ብሎኑ ይብስ ጠበቀ። ካባው ከትከሻው ወረደ፤ የሚያነሣለት አልነበረም።

ሀብቴ ሽጉጧን ከእጁ ወሰደና ወደ እኅቱ ሄደ። ሠላሳ ሰባት ዓመት አጠገባቸው ቆሞ አያውቅም።

«እትዬ፣ የአባቴን ሽጉጥ ሸጥህ ብለሽኛል። በይ አንቺው ፍቺያት። ወደ ቀኝ አዙሪ።»

«አልነካም!» አሉ እትዬ ወለተ።

«ካልተፈታ እዚሁ ርገሚኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ ቀኝ።»

እጃቸውን ከነጠላው ሥር አወጡ። ሽጉጧን እሱ ያዘላቸው። አዞሩ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በዚያ የደከመ የአሮጊት እጅ ብሎኑ ወጣ። የወይራው እጀታ ተላቀቀ። እትዬ ወለተ ብረቱን ወደ ፀሐይ አዘነበሉት። ጽሕፈት እንዳለበት አዩ፤ ማንበብ ግን አይችሉም። ቀና ብለው ዙሪያቸውን አዩና ቀጥታ ወደ ሣህሉ ሄዱ።

«አንተ የቄስ ትምህርት የተማርህ ነህ። አንብብልኝ።»

«እኔ… መነጽር አልያዝሁም» አለ።

«መነጽርህ ደረትህ ላይ ተንጠልጥሏል። አንብብ!»

«እትዬ ወለተ…»

«አንብብ አልሁህ!»

ሣህሉ መነጽሩን አደረገ። «ዘ… ዘአዘዘ» አለ። «ሠሪው… ልጁ…» ከዚያ ድምፁ ጠፋ። «ልጁ ማን?» አሉት። «ልጁ ማን? ተናገር!»

«ሀብተ ሥላሴ» አለ።

እትዬ ወለተ ነጠላቸውን ከራሳቸው ገፈው መሬት ላይ ጣሉት። ያ ለፊልሙ ሲያወርዱት የነበረው ሙሾ ሙሾ አልነበረም። ደረታቸውን እየደቁ እንዲህ አሉ፦

«አባቴን ባዶ እጁን አፈር አለበስሁት፣
ወንድሜን አባርሬ ሌባ አጎረስሁት።»

ሜዳው እሪ አለ። የተከፈለው አልቃሽ የለም፣ የተቀጠረ ለቀስተኛ የለም፤ ሁሉም ባላምባራስን ያውቃል፣ ሁሉም ያን ጊዜ እዚያ ነበር ወይም ከናቱ ሰምቷል። እትዬ ወለተ ሽጉጧን ለሀብቴ ሰጡት። «ይዘህ ዙር» አሉት። ከፍ አድርጎ ያዛትና ዞረ፤ ሦስት ጊዜ። እንባው አገጩ ላይ ይንጠባጠባል፣ አልጠረገውም። እኔ እያለቀስሁ ሣህሉን ነበር የማየው። ሊወጣ ፈለገ። ማንም አልመታው፣ ማንም አልሰደበው። ጀርባቸውን ሰጥተው ግጥም ብለው ቆሙና መውጫ አሳጡት። ለቅሶው እስኪያልቅ መሃል ላይ ቆመ። ያቺ የቆነጠጠችኝ አሮጊት ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች፤ ከለከልኋት። ግን ቶሎ አልከለከልኋትም።

ማታ ስንመለስ ዜማ ጀልባው ላይ ሀብቴ አጠገብ ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስክሪፕቱ ውስጥ የለም» አለች። «አውቃለሁ» አላት። «ልተወው? ልቁረጠው?» አለችው። «ያየሽውን አሳዪ» አላት። አሳየች። ፊልሙ ባሕር ዳር ሲታይ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ አየ። እኔ አራት ጊዜ ገባሁ፤ ሣህሉ መነጽሩን የሚያደርግበት ቦታ ሲደርስ ወደ ፊት ጠጋ እላለሁ።

ሣህሉ ምግብ ቤቱን ዘጋ። ከዚያ ሦስት ሽማግሌ ላከ። ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ያ ትዕይንትም ይቆረጥልኝ ብሎ። ቤታችን መጡ፣ ተቀመጡ፣ ስለ እግዚአብሔር አሉ፣ ዕድሜው ገፍቷል አሉ። ሀብቴ እስኪጨርሱ ሰማቸው። ልቡ እንደራራ ገባኝ፤ እሱ እንዲህ ነው፣ ስሙ ከጠራ በኋላ ቂም የሚይዝበት አቅም የለውም። ከዚያ ዞር ብሎ «ሸጊቱ ምን ትላለች?» አለ።

በሠላሳ ሰባት ዓመት እኔን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ወደኔ ዞሩ።

«ትዕይንቱ አይቆረጥም» አልሁ። «ይቅርታ ከፈለገ በየዓመቱ በባላምባራስ ሙት ዓመት ደልጊ ይመጣል። ሰው በተሰበሰበበት ሽጉጧን ፈትቶ፣ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አንብቦ፣ መልሶ ይገጥማታል። በየዓመቱ። እስኪሞት።»

«ኧረ እመቤት፣ ይህማ ይከብዳል» አለ አንደኛው።

«ሽጉጤ ተብሎ መኖርም ይከብዳል።»

ሀብቴን አዩት። ሀብቴ «ሰምታችኋል» አላቸው።

ኅዳር ላይ፣ ለሙት ዓመቱ፣ መጣ። አይመጣም ብዬ ነበር፤ መጣ። ካባ የለ፣ ምን የለ፣ አንድ አሮጌ ጋቢ ለብሶ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ያኔ የማለበት በር ላይ ነው የቆመው። ዝክሩ ተበልቶ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ሀብቴ ሽጉጧንና ካቻቢቴውን ሰጠው። እትዬ ወለተ ወንበር ላይ ከኔ አጠገብ ተቀምጠው እጄን ይዘዋል። ሣህሉ ካቻቢቴውን ብሎኑ ላይ አሳረፈ፤ እጁ እንደለመደው ወደ ግራ ሄደ። ብሎኑ ጠበቀ።

«ወደ ቀኝ» አልሁት።

ቀና ብሎ አላየኝም። ወደ ቀኝ አዞረ፣ ፈታው፣ መነጽሩን አደረገ። ለራሱ እንደሚጸልይ ሰው በለሆሳስ አነበበ።

«አልተሰማም!» አልሁ። «እትዬ ወለተ ጆሯቸው ደክሟል። ከመጀመሪያው!»

ከመጀመሪያው አነበበው።